የፀደይ ተርኪ ለማደን ለምትወጡ ወጣቶች

በቨርጂኒያ፣ በብሉ ሪጅ ተራሮች ግርጌ ሠላሳ ዓመት ያህል መሬት ስቀይስ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አንዳንዶቻችሁ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የአደን ፈቃድ ማውጣታችሁን ስሰማ፣ አውራው (ወንዱ) ተርኪ፣ ያ ትልቅ የዱር ወፍ፣ ያለበትን ቦታ ስለማግኘት የማውቀውን ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ስለ ጠመንጃው ሌሎች ይነግሯችኋል።

አውራው ሌሊቱን የሚያሳልፈው እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ነው፤ ቆጡ ግን ረጅም ዛፍ ነው። ጎህ ሲቀድ ገና ሳይወርድ ይጮኻል፤ እንስቶቹም ድምፁን ተከትለው ወደ እርሱ ይሄዳሉ። አዳኝ የእንስቷን ድምፅ አስመስሎ አውራውን ወደ ራሱ ሲጠራ ይህን የተፈጥሮ ሥርዓት መገልበጡ ስለሆነ፣ ወፉ ባለበት ቆሞ «አንቺ ነይ» ያለ ቢመስል አይድነቃችሁ። ስለዚህ ፍለጋችሁን በእንስት ድምፅ አትጀምሩ። ሳይነጋ የጉጉት፣ ቀኑ ገፋ ሲል ደግሞ የቁራ ድምፅ አሰሙ። በዚህ ወቅት አውራው ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ፣ ነጎድጓድም ይሁን የመኪና በር፣ ሳያስበው ይመልሳል፤ ቦታውን ያስታውቃል እንጂ እንስት መጣችልኝ ብሎ አይንቀሳቀስም።

ሲመልስላችሁ አትሩጡ። በወጣትነቴ አንድ ማለዳ ድምፁ ከሩቅ ሸለቆ የመጣ መስሎኝ ስገሰግስ በቀጥታ ከዛፉ ሥር ደረስኩ፤ ለካ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለጮኸ ነው ሩቅ የመሰለኝ፤ ክንፉን አማትቶ በረረ። ከዚያ ወዲህ የሙያዬን ዘዴ እጠቀማለሁ፦ ከሸንተረር ላይ ሆኜ ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ በኮምፓስ እይዛለሁ፣ ወደ ጎን ጥቂት መቶ እርምጃ ሄጄ ሲደግም ሌላ አቅጣጫ እይዛለሁ፣ ሁለቱ መስመሮች በካርታ ላይ በሚገናኙበት አካባቢ ወፉ አለ። ዛፎች ቅጠል ካወጡ በኋላ ድምፅ ስለሚታፈን ከምትገምቱት በላይ ሊቀርባችሁ እንደሚችልም አስቡ። ከመቶ ሜትር የማያንስ ርቀት ጠብቃችሁ፣ ከትከሻችሁ በሚሰፋ ግንድ ላይ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ ተቀመጡ።

ዝም የሚልበትም ቀን አለ። ያን ጊዜ መሬቱን አንብቡ፦ የወንዱ ኩስ እንደ መንጠቆ የታጠፈ፣ የሴቷ የተጠቀለለ ነው፤ በአቧራማ መንገድ ላይ ከዱካው ግራና ቀኝ የተጫረ መስመር ካያችሁ ጅራቱን ዘርግቶ ክንፉን እየጎተተ ተንጎራድዶበታል። ረፋዱ ላይ እንስቶቹ ወደ ጎጇቸው ሲሄዱ ብቻውን ይቀራልና፣ ማለዳ የናቃችሁ ወፍ ያን ጊዜ ሊመልስ ይችላል። በወቅቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ቨርጂኒያ ውስጥ አደን እኩለ ቀን ላይ ስለሚያበቃ ግን ሰዓታችሁን ተመልከቱ። የሚፈቀደውም ደረቱ ላይ ጢም፣ ማለትም እንደ ፀጉር የተንጠለጠለ ላባ፣ ያለው ወፍ ብቻ ነው። (የወቅቱ መክፈቻ አንዳንድ ዓመት ሁዳዴ ውስጥ ይውላል፤ ጿሚዎች ሥጋውን ለፋሲካ በፍሪዘር ታቆያላችሁ።)

የተርኪ ድምፅ ሁሉ የተርኪ አይደለም፤ ከቁጥቋጦው ጀርባ የሚጮኸው እንደ እናንተ ያለ አዳኝ ሊሆን ስለሚችል ድምፅ ተከትላችሁ አትሹለኩ፤ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የአውራው ራስ ቀለማት ናቸውና ከካልሲ ጀምሮ አትልበሷቸው።

ከሁሉ የምወደው ግን የዋዜማው ምሽት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሸንተረሩ ላይ ጸጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ከባድ ክንፎች ቅርንጫፍ ሲመቱ ከሰማችሁ ቆጡን አገኛችሁ ማለት ነው። ጨለማው እስኪበረታ ጠብቁና በመጣችሁበት መንገድ ኮቴ ሳታሰሙ ውጡ።