ለቁልቢ ትልቁን አውሮፕላን ድሬ ላይ ማውረድ ይቻላል ወይ?

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት ወንድሜ። ዘመዶችህ ለታኅሣሥ ገብርኤል ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው፣ የድሬዳዋ ትኬት ጠፍቷል፣ አንተም ከሐረር ሆነህ «ለምን ድሪምላይነሩን አይልኩትም? ኤርፖርቱ ይችለው እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?» ብለሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌሎቹ የጻፉልህ መልሶች ግን ሁሉም የራንዌይ (የማኮብኮቢያው) ርዝመት ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። አንዱ የድሬው 2,679 ሜትር ነው፣ ይበቃል አለ። ሌላው የቦሌው 3,800 ነው፣ ይሄ አይበቃም አለ። አቦ፣ ሜትር ብቻውን ምንም አይነግርህም።

እኔ ራምፕ (አውሮፕላን ቆሞ የሚስተናገድበት ሜዳ) ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ፓይለት አይደለሁም። ጎማ ሥር ታኮ የምከት፣ ሻንጣ የማስወርድ፣ አውሮፕላን ሲገፋ ክንፉ ሥር እየሄድኩ የማይ ሰው ነበርኩ። ከዚያ ቦታ ሆነህ ስታየው ትልቅ አውሮፕላን ማረፉ ትንሹ ጉዳይ ነው። ከባዱ ጭኖ መነሳቱ፣ ዞሮ መቆሙና ቆሞ መስተናገዱ ነው።

ከአየሩ ልጀምር፣ የሐረር ሰው ስለሆንክ ቶሎ ይገባሃል። ጠዋት ሐረር ላይ ጃኬት ለብሰህ ትሳፈራለህ። የደንገጎን ቁልቁለት ስትጀምር ዚፑን ትከፍታለህ። ድሬ ስትገባ ጃኬቱ ጉልበትህ ላይ ነው። ያ ሙቀት የአውሮፕላኑን አቅም ይበላዋል። የሞቀ አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ክንፉን የሚሸከመውም ሞተሩ የሚስበውም አየር ያንሳል። የድሬ ኤርፖርት ከፍታ 1,167 ሜትር ገደማ ነው። በግንቦት ወይም በሰኔ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35 ሲደርስ ግን አየሩ የሚሳሳው 2,200 ሜትር ግድም ላይ ያለ ያህል ነው። ሐረር እንኳ 1,900 አካባቢ ነች። እንግዲህ አውሮፕላኑ ድሬ መሬት ላይ ቆሞ በራሱ ሂሳብ ከሐረር በላይ ነው ያለው። የድሮው ባቡር ሐረር መውጣት ከብዶት ነው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው፤ አውሮፕላኑ ግን ቀትር ላይ ሳይወድ በግዱ ይወጣታል።

ራስህ የምትሞክረው ግርድፍ ስሌት አለ፣ የኢካዎ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) ነው። ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ የሚያስፈልገው ራንዌይ ላይ 7 በመቶ ትጨምራለህ። ለዚያ ከፍታ ከሚጠበቀው ሙቀት በላይ ለሆነችው ለእያንዳንዷ ዲግሪ ደግሞ 1 በመቶ። ለድሬ ከፍታው ወደ 27 በመቶ ይወስዳል። በዚያ ከፍታ የሚጠበቀው ሙቀት 7 ዲግሪ ከምናምን ስለሆነ፣ 35 ላይ ትርፉ ወደ 28 ዲግሪ ነው። 2,679ን ለ1.27፣ ከዚያ ለ1.28 አካፍል። 1,650 ሜትር አካባቢ ይቀርሃል። ባሕር ዳርቻ ላይ፣ በ15 ዲግሪ፣ 1,650 ሜትር ራንዌይ እንዳለህ ቁጠረው። በታኅሣሥ ቀትር ሙቀቱ 28 ቢሆን ወደ 1,750 ከፍ ይላል፣ ማለዳ ደግሞ ከዚያም ይሻላል። ግን ይሄን ይዘህ ከማንም ጋር እንዳትከራከር። ኢካዎ ራሱ፣ ጭማሪው በድምሩ ከ35 በመቶ ካለፈ ይሄን ስሌት ተዉትና ለብቻው አስጠኑት ይላል፣ ድሬ ደግሞ በብዙ ታልፈዋለች።

ሂሳቡን አይተህ ተስፋ አትቁረጥ። ርዝመቱ የሚበቃው ለስንት ቶን ነው ብለህ ጠይቅ። ድሪምላይነሩ፣ ማለትም ቦይንግ 787-8፣ ጢም ብሎ ሲሞላ ወደ 228 ቶን ይሆናል። ያ አህጉር አቋርጦ ሊሄድ ሲል ነው። ከድሬ ቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ 270 ሰው ጭኖ፣ መጠባበቂያውን ጨምሮ ነዳጅ ይዞ፣ በግርድፉ ከ165 እስከ 170 ቶን ቢሆን ነው። 60 ቶን ቀለለ ማለት ነው። ስለዚህ «ይችላል ወይ» ስትል «ወዴት ሊሄድ» ብለህ ጨርሰው። ከዚያ ራንዌይ ተነስቶ ቦሌ መድረስና ቻይና መድረስ ለየቅል ናቸው። ቦሌ ራሱ ከፍታው ይፈትነዋል፤ ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች ሎሜ ወይም ደብሊን ነዳጅ ሲቀዱ የኖሩት አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ተራራው አይረሳ። ከከተማው በስተደቡብ የደንገጎ ግድግዳ ቆሟል። ሲነሳ አንድ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ብቻ መሰናክሉን በቂ ርቀት ጠብቆ ማለፍ አለበት። ብዙ ጊዜ ክብደቱን የሚቀንሰው የራንዌዩ ርዝመት ሳይሆን ይሄ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አስፋልቱን የሚጎዳው ጠቅላላ ክብደቱ ሳይሆን በየጎማው የሚያርፈው ነው። ኤ380 ከ560 ቶን በላይ ይነሳል፣ 22 ጎማ አለው። 777-300ኢአር 351 ቶን ነው፣ ጎማው 14። አንድ ዓይነት አፈር ላይ አስፋልቱን ይበልጥ የሚጫነው 777ቱ ነው! ለዚህ ነው እያንዳንዱ አውሮፕላን የጫና ቁጥር፣ እያንዳንዱ ራንዌይ ደግሞ የጥንካሬ ቁጥር ያለው። የአውሮፕላኑ ከራንዌዩ ካልበለጠ ሰላም ነው። አስፋልት ከሆነ አልፎ አልፎ እስከ 10 በመቶ ማለፍ ይፈቀዳል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። አሮጌው የራንዌይ ጥንካሬ ቁጥር፣ ፒሲኤን፣ ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፒሲአር ተተክቷል፣ የአዲሱ ቁጥሮች ደግሞ አሥር እጥፍ ያህል ይበልጣሉ። የአውሮፕላኑን በአሮጌው፣ የራንዌዩን በአዲሱ ይዘህ ካወዳደርክ ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስልሃል።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርህ። ስሙን የማልጠራው ሌላ የክልል ኤርፖርት ነው። አንድ ሰፊ አውሮፕላን በቻርተር (በኪራይ በረራ) መጣ። አስተራረፉ ቆንጆ ነበር፣ ቆመን አየነው። አንድ ሰዓት ቆይቶ ሊሄድ ነበር። ልንገፋው ስንል ቶው ባሩ (መግፊያው ብረት) አፍንጫ ጎማው ላይ አልገጥም አለ። ለካ ለአነስተኛው 737 የተሠራ ነው። አንድ ሽማግሌ መካኒክ «በሽቦ ልሰረው?» አሉ፣ ቀልዳቸውን ይሁን ምራቸውን እስካሁን አላወቅኩም። የሚገጥመው ተፈልጎ እስኪመጣ አውሮፕላኑ ከቀትር እስከ ማታ፣ በዚያ ሐሩር፣ አስፋልት ላይ ቆመ። ከሄደ በኋላ በባትሪ አየነው። ጎማዎቹ የቆሙበት ሁሉ ሰርጉዷል። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ሰደድኩት፣ እስከ መጀመሪያው አንጓ ገባ። በማግስቱ ቦታው ሲታጠብ ስምንት ትናንሽ ኩሬ ተኝቶ ቀረ፣ አራት በግራ፣ አራት በቀኝ። ራንዌዩን ያሰላው ሰው አልተሳሳተም። ስለማቆሚያው ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ክንፉን ደግሞ ለካ። 737-800 ክንፉ 35.8 ሜትር ነው፣ ሲ በሚባለው የክንፍ ስፋት ምድብ ውስጥ ለጥቂት ይገባል። 787 ግን 60 ሜትር ነው፣ ምድቡ ኢ። ለሲ የተሠራ ታክሲዌይ (ከራንዌይ ወደ ማቆሚያው የሚወስደው መንገድ) ላይ ሲሄድ ክንፉ ከአጥር፣ ከመብራት ምሰሶ፣ ከቆመ ሌላ አውሮፕላን ጋር ስንት ሜትር ይቀረዋል? ጎን ለጎን ሁለት 737 የሚቆምበት ላይ አንዱ ድሪምላይነር ቆሞ ቦታው አለቀ ሊሆን ይችላል። ራንዌይ ላይ ተመልሶ ለመዞር የሚገደድ ከሆነም መዞሪያውን እይ። 777-300ኢአር ለመዞር ከ50 ሜትር በላይ ወርድ ይፈልጋል፣ ወርዱ 45 ሜትር የሆነ ራንዌይ ላይ ያለ መዞሪያ አይሞከርም።

እሳት አደጋው ቀላል ነው። ምድቡ የሚወሰነው በአውሮፕላኑ ርዝመትና በሆዱ ስፋት ነው፣ በክንፉ አይደለም። 737-800 ምድብ 7 ነው፣ ሁለት መኪና። 787-8 ምድብ 8፣ ሦስት መኪና። አውሮፕላኑ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ከሆነ አንድ ምድብ ዝቅ ማለት ይፈቀዳል፣ ለቁልቢ ዓይነቱ ነገር ይሄ ይጠቅማል።

ከዚያ እኛ ራምፕ ላይ የምንጨነቅበት ዝርዝር ይመጣል። 737 ሻንጣው በእጅ ይወርዳል። የ787 ሻንጣ ኮንቴይነር ውስጥ ነው፣ ሎደር (ማንሻ ማሽን) ከሌለ አይወርድም። በሩ ከፍ ይላል፣ የ737 ደረጃ አይደርስበትም። ሞተሩ የሚነሳው በኤሌክትሪክ ስለሆነ የለመድነው የአየር ማስነሻ ማሽን አይሠራለትም፤ ኤፒዩው (ጭራው ውስጥ ያለው ትንሹ ሞተር) ከታመመ ጠንካራ ጂፒዩ (ከመሬት ኃይል የሚሰጥ ጄኔሬተር) ከሌለህ እዚያው ነው የሚያድረው። 270 ሰው ደግሞ በአንዴ ወርዶ አንድ ሻንጣ መቀበያ ላይ ሲቆም አስበው፣ ግማሹ ቁልቢ ለመድረስ የሚቸኩል።

ማጣሪያው ሁለት ሰነድ ነው። አንዱ የሲቪል አቪዬሽን ኤአይፒ (የኤርፖርቶች መረጃ የሚወጣበት ይፋ ሰነድ) ነው፣ ድሬዳዋን ኤች ኤ ዲ አር በሚለው ኮድ ፈልጋት። ክፍሎቹ እነዚህ ናቸው፦ ኤዲ 2.2 ከፍታና የሙቀት መነሻ፣ 2.6 እሳት አደጋ፣ 2.8 ማቆሚያና ታክሲዌይ፣ 2.10 መሰናክል፣ 2.12 ራንዌይና ጥንካሬው። ሌላው ቦይንግ ለየአውሮፕላኑ የሚያወጣው የኤርፖርት ፕላኒንግ መጽሐፍ ነው፣ ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይገኛል። ክብደትና ከፍታ ይዘህ ርዝመቱን ከግራፉ ታነባለህ፣ የመዞሪያው ስፋትና የበሩ ከፍታም እዚያው አለ።

ከ2.8 ጀምር፣ ከ2.12 አይደለም። የማቆሚያውን ዓይነትና ጥንካሬ ስታገኝ እዚሁ ለጥፈው፣ ከ787 ጋር አብረን እናየዋለን። ለዘመዶችህ ግን በአዲሱ ባቡር ይሞክሩ በላቸው፣ ድሬዳዋ ያቆማል። ከቻሉም ከ19 ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ይበሉ።