የጤና አዳሟን ጫፍ ቀንጥሺው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለቡና ብዬ በባልዲ የተከልኳት ጤና አዳም ወደ መስኮቱ ተጣማ፣ ሰልላ ቁመት ብቻ ሆነች። አማቴ «ጫፏን ከነካሽው አታድግም» ስላሉኝ የምቀነጥሰው ከታች ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጫፏን ቀንጥሺው። ዛሬውኑ፣ ለከሰዓቱ ቡና።

አማትሽ ጫፉ ላይ ትልቅ ነገር እንዳለ ማወቃቸው ልክ ነው። ኦክሲን የሚባል ሆርሞን እዚያ ይሠራና ወደ ታች ይወርዳል። ብርሃን በአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ኦክሲኑ ወደ ጥላው ወገን ያደላል። በዚያ በኩል ያሉት ሕዋሳት ይበልጥ ይረዝማሉ፤ ግንዱም ወደ ብርሃኑ ይጎብጣል። ያንቺም የተጣመመችው በዚሁ ነው።

ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ የሣር ቡቃያ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆብ ሲደፉበት፣ ቡቃያው ብርሃን አጠገቡ እያለ ቀጥ ብሎ ቀረ። ይህን በ1880 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። በ1926 ደግሞ ፍሪትስ ቬንት የተባለ ወጣት ሆላንዳዊ የአጃ ቡቃያ ጫፍ ቆርጦ ጄሊ ላይ አሳደረ። ከዚያ ጫፉን ጥሎ፣ ጄሊውን ብቻ ጫፉ በተቆረጠ ሌላ ቡቃያ አንድ ጎን ላይ አኖረው። ቡቃያው በጨለማ ጎበጠ! ያጎበጠው ከጫፉ ወደ ጄሊው የወረደው ኦክሲን ነው። ስንት ዓመት ሳስተምረው ኖሬ ዛሬም ይደንቀኛል።

ያንቺን ጉዳይ የሚፈታው ግን ሌላው ሥራው ነው። ኦክሲን ከጫፍ እየወረደ፣ በየቅጠሉ ብብት የተኙት እምቡጦች እንዳይነቁ ይይዛቸዋል። ጫፉ ሲነሳ ይነቃሉ። ከሥር የሚመጣው ሳይቶካይኒን የተባለው ሆርሞንም ይረዳቸዋል። የቡና ገበሬ ያረጀ ቡና ሲጎነድል ከጉቶው ቀንበጥ የሚግተለተለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከላይ ሁለት ጣት ያህል፣ ከአንድ ቅጠል ትንሽ ከፍ ብለሽ በጥፍርሽ ቁረጪ። የታችኞቹን ቅጠሎች ተያቸው፤ ምግብ የሚሠሩላት እነሱ ናቸው። ባልዲዋን በየሁለት ሦስት ቀኑ አዙሪያት። ከተቻለ በረንዳ ላይ ፀሐይ ታግኝ፤ ብርሃን ካነሳት መልሳ መስለሏ አይቀርም። ስትቆርጪ ጭማቂዋ እጅሽን ከነካው ፀሐይ ሳያገኘው ታጠቢ፤ ቆዳ ያቃጥላል።

እኔ ደጃፌ ያለችውን ባለፈው ወር ቀንጥሻት ነበር። አሁን ከተቆረጠው በታች ሦስት ቦታ አቆጥቁጣለች።