ደብዳቤው ይቆይ፤ መጀመሪያ ሥራዋን ቁጠር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። 7 ዓመት ያገለገለች ጎበዝ የሂሳብ ሠራተኛህ ከሐምሌ ወዲህ ታረፍዳለች፣ ትሳሳታለች፣ ስብሰባ ላይ አፏን አትከፍትም፤ አንድ ሳምንት ፈቃድ ወጥታ ብትመለስም ያው ናት። «ስንፍና ነው ወይስ በርንአውት? የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልስጣት?» ነው ያልከው። አሁን አትስጣት።

የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውትን ከበሽታ አይቆጥረውም፤ በወጉ ሳይያዝ ከቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ይላል። ሦስት ምልክቶች አሉት፦ አቅም ተሟጦ ማለቅ፣ ልብ ከሥራው መውጣት፣ «የምሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም» የሚል ስሜት። እኔ ከሦስቱ የምፈራው ሁለተኛውን ነው። የደከመው ያማርራል፣ ስለዚህ ይታወቃል። ስታማርር የነበረች ሰው ድንገት ዝም ስትል ግን አለቃ «ተመስገን፣ ተሻላት» ይላል። ብዙ ጊዜ ተስፋ ቆርጣ ነው።

ለማወቅ ከጓደኞቿ ጋር ሳይሆን ከራሷ ጋር አወዳድራት። የባንክ ማስታረቂያውን፣ ማለትም መዝገባችሁን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሩን፣ መጋቢት ላይ በስንት ቀን ትጨርስ ነበር፣ አሁንስ? የስህተቱንም ዓይነት ተመልከት። በሁለቱ መካከል የወጣው ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ 5,400 የነበረው 4,500 ተብሎ ገብቷል ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው የዛለ ዓይን ነው፣ ዕውቀት አላነሳትም። የግብር ስሌቱን ደንብ ራሱን እየሳተች ከሆነ ግን ጉዳዩ ሥልጠና ነው።

ስታናግራት «ምን ሆነሻል?» አትበላት። መልሱ «ምንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ አንተም እሷም በዚያው ትለያያላችሁ። ወረቀት ይዛችሁ ቁጭ በሉና በሳምንት የምትሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፉት፦ ደመወዝ፣ የወሩ ቫት፣ ጡረታ፣ ማስታረቂያ፣ የኦዲተር ጥያቄ፣ እንዲሁም «አንድ ጊዜ እይልኝ» እየተባለ የሚመጣውን። ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው በዚህ በመጨረሻው ነው፤ ጎበዝ በመሆኗ የማንም ያልሆነ ሥራ ሁሉ እሷ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፣ የሥራ መዘርዝሯ ላይ ግን የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም፤ የተፈቀደውም ለአጣዳፊ ሥራና ለመሰል ምክንያት እንጂ ወር በገባ ቁጥር ለሚመጣ ቋሚ ሥራ አይደለም። ድምሩ 65 ሰዓት ከወጣ ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ የምደባው ነው።

ከዚያ አንድ ሙሉ ሥራ አንሳላት። ግማሹን ለሌላ ሰጥቶ «አንቺ ተቆጣጠሪው» ማለት ጫናውን ይጨምራል፤ የሌላ ሰው ስህተት ማረም ከራስ ሥራ ይከብዳልና። ርክክቡን ሁለት ሳምንት ስጠው፤ አንድ የወር መዝጊያ አብረው ይሥሩት፣ ቀጣዩን ተረካቢው ብቻውን ይዝጋው።

ፈቃዱ ለምን እንዳልሠራላት ደግሞ ብዙም አይገርምም። ስልኳ ክፍት ነበር፣ የሲስተሙ የይለፍ ቃል እሷ ጋ ብቻ ነበር፣ ስትመለስ የሳምንቱ ወረቀት ተቆልሎ ጠበቃት ብዬ ብገምት ብዙ የምስት አይመስለኝም። በሕጉ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፤ 7 ዓመት ላገለገለች 19 ቀን ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 10ሩን ሳይቆራረጥ ትውሰድ። ከመውጣቷ በፊት ተተኪው በራሱ ስም መግቢያ ይከፈትለት፣ የቴሌግራም ግሩፑም ድምፁ ይጥፋ። በተመለሰች ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ስብሰባም አዲስ ሥራም አትስጣት። ፈቃዱን በገንዘብ ልለውጠው እንዳትል፤ ሥራ ላይ እያለች አይፈቀድም።

በነገራችን ላይ ማታ ማታ የሌላ ድርጅት ሂሳብ የምትይዝ ከሆነም አትደንግጥ፤ ኑሮው እንዲህ ነው። እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ሰዓት ቁጠረው። ዝለቱ ቤትም ተከትሏት ከሄደ፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣች፣ ድሮ የምትወደው ሁሉ ካስጠላት ግን ከአለቃ አቅም በላይ ነው፤ ሐኪም ትይ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም እንዲህ ያደክማሉ። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም ትወሰድ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ።

የቡና ፕሮግራምና የምስክር ወረቀት ክፋት የላቸውም፣ ሰዓት ግን አይቀንሱም። «አንቺ እኮ ምሰሷችን ነሽ» የሚለው ምስጋና ደግሞ ሌላ ሥራ አስከትሎ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል።

ለከርሞ እንዳይደገም የቀን መቁጠሪያውን ቀድመህ ያዝ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የዓመቱ ግብር ማሳወቂያ እስከ ጥቅምት 30 ነው፤ አራት ወር ሙሉ ሩጫ። ስለዚህ ፈቃድ በግንቦትና በኅዳር ይመደብ። ማስታረቂያው በየወሩ ካለቀ፣ የንብረት ቆጠራውም በየሩብ ዓመቱ በከፊል ከተሠራ ሰኔ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። እያንዳንዱን ሥራ ሁለት ሰው ይወቀው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መልእክት አትላክ፤ «ነገ ብትመልሺም ይሆናል» ብለህ ብትጽፍ እንኳ አለቃ ነህና ማታውኑ ትመልሳለች።

ሥራው ከተቀነሰና ፈቃዱ በትክክል ከተወሰደ በኋላ ሁለት የወር መዝጊያ ጠብቅ። ያኔም ማርፈዱ ካልቀረ ስለ ደብዳቤው እንነጋገራለን፤ ዝርዝሩን ይዘህ እዚሁ ጻፍልን።