32 ዲግሪ ላይ የሚቆመው ቴርሞሜትር

ጥያቄ፦ ለእንቁላል መፈልፈያ ሣጥን የሙቀት መቆጣጠሪያ ሠርቻለሁ። የኤልኤም35 የሙቀት ሴንሰሩን ቮልቴጅ በኤልኤም358 ኦፕ-አምፕ (ቮልቴጅ አጉሊ አይሲ) 11 ጊዜ አጉልቼ (በ10 እና በ1 ኪሎኦም ሬዚስተሮች) ወደ አርዱዊኖ ኡኖ፣ ፕሮግራም ወደሚጫንበት ትንሽ ቦርድ፣ አስገባለሁ። ሁሉም የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። ሲቀዘቅዝ ደህና ያነባል፤ ሲሞቅ ግን ቁጥሩ 32 ላይ ይቆማል፣ ማሞቂያው አምፖልም አይጠፋም። አይሲውን ብለውጠውም ያው ነው። (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ እንቁላል ገብቶ ከሆነ አሁኑኑ ያውጡት፤ ይቀቀላል። አይሲው ግን ደህና ነው።

ኤልኤም35 ለአንድ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል። እንቁላል በሚፈለፈልበት 37.7 ዲግሪ 377 ሚሊቮልት ነው፤ በ11 ሲባዛ 4.15 ቮልት ይሆናል። ኤልኤም358 ደግሞ ከሚመገበው ቮልቴጅ 1.5 ያህል ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ በ5 ቮልት ከ3.5 ብዙም አያልፍም። 3.5ን ለ11 ቢያካፍሉት 318 ሚሊቮልት፣ ማለትም 32 ዲግሪ! በመልቲሜትር ይዩት፦ ሣጥኑ ሲሞቅ የአይሲው እግር 3 (መግቢያው) ይጨምራል፣ እግር 1 (መውጫው) ግን ንቅንቅ አይልም።

10ሩን ኪሎኦም በ47፣ 1ዱን በ10 ይለውጡ። ማጉላቱ 5.7 ይሆናል፤ 37.7 ዲግሪ 2.15 ቮልት ላይ ያርፋል፣ እስከ 61 ዲግሪም ያነባል። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ዲግሪ 110 ሳይሆን 57 ሚሊቮልት መሆኑን ማስተካከል አይርሱ። 741 በሚባለው ሌላ ኦፕ-አምፕ ልተካው እንዳይሉ፤ እሱ በ5 ቮልት ወደ ዜሮም መውረድ አይችልም።

እውነቱን ለመናገር ለዚህ ሥራ ኦፕ-አምፕ ባይኖርም ይቻላል። የኡኖን የውስጥ 1.1 ቮልት ማነጻጸሪያ ከመረጡ ሴንሰሩን በቀጥታ ቢያገናኙትም የ0.1 ዲግሪ ያህል ለውጥን ለይቶ ያነባል።

ኦፕ-አምፑን መጠቀም ከቀጠሉ ግን በእግር 8 እና 4 (ምግቡና ግራውንዱ) መካከል፣ አይሲው ሥር፣ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ያስገቡ። አይሲው ውስጥ ሁለት ኦፕ-አምፕ ስላለ ሥራ የሌለውን ግማሽም ክፍት አይተዉት፤ የኤሌክትሪክ ረብሻ እየለቀመ ያስቸግራል። 6ን ከ7 ያገናኙ፣ 5ን ወደ ግራውንድ። የሴንሰሩ ሽቦ ረጅም ከሆነ መውጫው እንዳይወዛወዝ ሴንሰሩ ጫፍ ላይ 2 ኪሎኦም በተከታታይ ያስገቡ።

ኤልኤም358 መግቢያው ላይ እስከ 7 ሚሊቮልት ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ 0.7 ዲግሪ ነው፣ ለጫጩት ደግሞ ብዙ ነው። እንቁላል ከመመለስዎ በፊት በሕክምና ቴርሞሜትር 37 ዲግሪ አካባቢ አመሳክረው ልዩነቱን ፕሮግራሙ ውስጥ ይቀንሱ።