መቃኞው ላይ እንጨምር ወይስ መሠረቱን እንቆፍር?

ጥያቄ፦

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ።

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ደብር የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የነባሩ ክብ ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ስለተሰነጠቀ መሐንዲስ አይቶ «እንዳትገቡበት» ካለን ወዲህ፣ ታቦቱ መቃኞ (ሕንፃው እስኪሠራ የሚያርፍበት ጊዜያዊ ቤት) ከገባ አንድ ዓመት አልፎታል። መቃኞው 8 ሜትር በ14 ሜትር ነው፤ ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። እሑድ እሑድ ወደ 400 ምእመን ይመጣል፤ ግማሹ ደጅ ይቆማል። ባለፈው ክረምት ቅድስቱ ላይ አፈሰሰ፤ ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ ቅዳሴው አይሰማም ነበር። ብዙ ቤተሰብ ወደ ሌላ አጥቢያ መሄድ ጀምሯል።

አሁን ሚያዝያ ነው፤ ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ፈርሶ ለሚቀር ነገር ሳንቲም አናወጣም፤ ክረምቱ ሳይገባ መሠረቱን እንቆፍርና ሕዝቡ ሥራ አይቶ ይበርታ» ይላል። ሌላው መጀመሪያ መቃኞው ይጠገን ባይ ነው። አንድ ምእመንም 50 ኪሎ የሚመዝን 200 ከረጢት ሲሚንቶ ቃል ገብቶ «አሁኑኑ ልላክ» ብሎናል። በነባሩ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያለው የጥንት ሥዕልም ያሳስበናል። ምን ይመክሩናል?

ጸሐፊው፣ ከጎንደር

መልስ፦

ወንድሜ፣ ቁፋሮውን ለኅዳር አቆዩት፤ ያለውን ጊዜና ገንዘብ መቃኞው ላይ አውሉት። «ለጥቂት ጊዜ ነው» ተብሎ የተሠራ መቃኞ ሦስትና አራት ክረምት ማሳለፉ የተለመደ ነው። ደጅ ቆሞ ዝናብ የሚመታው ምእመን ወደ ሌላ አጥቢያ ሲሄድ አሥራቱም ስእለቱም አብሮት ይሄዳል፤ ሕንፃውን የሚሠራው ደግሞ እሱ ነው።

ከክዳኑ ጀምሩ። የሚያፈስበትን ቦታ ለማግኘት ዝናብ መጠበቅ አያስፈልግም። ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ ከውስጥ ቀና በሉ፤ ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ሁሉ ውሃም ያሾልካል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሚስማሩ ላይ ነው። ሚስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ከነጎማው ነው የሚመታው፤ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ከተመታ የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ ያፈሳል። ቆርቆሮው በጎን ሲደራረብ አንድ ተኩል ሞገድ፣ ከላይ ወደ ታች ሲደራረብ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር መያዝ አለበት። አሸንዳ ከሌለውም አድርጉለት። 112 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 3,360 ሊትር ውሃ ነው። ይህ ሁሉ ግድግዳው ሥር ከፈሰሰ ጭቃው ከታች ይበላል፣ ቋሚውም ይበሰብሳል።

የቦታውን ጥበት በሒሳብ እንየው። ከ14 ሜትሩ ለመቅደሱ 4 ሜትር ቢወጣ 80 ካሬ ሜትር ይቀራል። ለአንድ ቋሚ ሰው ግማሽ ካሬ ሜትር ብንይዝ 160 ሰው ነው፤ ያውም ለስግደት ሳይመች። ስለዚህ ግድግዳውን ከማፍረስ ይልቅ በሰሜን በወንዶች በኩል፣ በደቡብ በሴቶች በኩል፣ በምዕራብም 3 ሜትር ተኩል የሚወጣ ዳስ ቀጥሉ። ይህ 126 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ሌላ 250 ሰው ያስጠልላል። 2 ሜትር በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነው ቆርቆሮ ሲደራረብ በወርዱ የሚሸፍነው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከመጠባበቂያ ጋር 100 ቆርቆሮ ግዙ። ኋላ ሲፈርስ ቆርቆሮው ለጥበቃ ቤት ወይም ለዕቃ ማከማቻ ይውላል እንጂ አይጠፋም።

ለዝናቡ ጩኸት መድኃኒቱ ኮርኒስ ነው። በርካሽነቱ የማዳበሪያ ኮርኒስ እንዳትወጥሩ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጧፍ ባለበት ቤት እሳት ከያዘው እየቀለጠ በሰው ላይ ይንጠባጠባል። ቺፑድ ይሻላል። ከወለሉ ከ3 ሜትር በታች ከወረደ ግን በወረብ ጊዜ ሊቃውንቱ የሚያነሡት መቋሚያ ይነካዋል፤ ከመምታታችሁ በፊት መሪጌታውን ቦታው ላይ አቁማችሁ መቋሚያውን ያንሡላችሁ። የዕጣኑ ጭስ እንዲወጣ ከግድግዳው ጫፍ ሥር የወንፊት ሽቦ የለበሰ ክፍተት ተዉ። ጧፍ የሚተከለው አሸዋ በሞላው የብረት ሣጥን ላይ፣ ከመጋረጃ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ይሁን።

አሁን ወደ መሠረቱ። በሰኔ ዋዜማ የተቆፈረ ጉድጓድ በሐምሌ ኩሬ ይሆናል። ታቹ ይላቁጣል፣ ጎኑ ይናዳል፤ በኅዳር እንደገና መቆፈራችሁ አይቀርም፣ ወጪውም እጥፍ ነው። ቁፋሮው ለመቃኞው ከቀረበ ደግሞ ቋሚዎቹን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከጉድጓዱ ጥልቀት ሁለት እጥፍ ርቀት ሳይኖር አካፋ እንዳይነሣ።

ይሁን እንጂ ሚያዝያ ለአንድ ነገር እጅግ ይመቻል፦ መሬቱን ለማየት። ግቢያችሁ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ከሆነ ስንጥቁ አሁን አፉን ከፍቷል። ቀጭን ሽቦ እየሰደዳችሁ ምን ያህል እንደሚወርድ ለኩ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ መሠረት ከዚያ እንቅስቃሴ በታች ካልወረደ ወይም አፈሩ ወጥቶ በጥሩ ሙሌት ካልተተካ፣ አዲሱ ሕንፃም እንደ ነባሩ ይሰነጠቃል። የነባሩ ስንጥቅ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ከሆነ ጥርጣሬዬ እርጅናው ላይ ሳይሆን መሠረቱ ላይ ነው። ቀጭን የመስታወት ቁራጭ ስንጥቁን አሻግራችሁ በጄሶ ለጥፉበት፣ ቀኑንም ጻፉበት። ክረምቱ ሲወጣ መስታወቱ ተሰብሮ ከተገኘ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። የሕንፃው የመጀመሪያ ገንዘብ ለአፈር ምርመራና ለፕላን ይውጣ፤ ክረምቱን በሀገረ ስብከቱ ፈቃድ፣ በይዞታ ማረጋገጫውና በግንባታ ፈቃዱ ተጠቀሙበት። ሕዝቡ ሥራ ማየት ከፈለገ ፕላኑ ተስሎ በደጀ ሰላሙ ይሰቀል፤ ገቢና ወጪውም በየወሩ ከሥሩ ይለጠፍ፣ የመቃኞው ለብቻ፣ የሕንፃው ለብቻ።

ሲሚንቶውን አሁን አትቀበሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት ውስጥ የሰነበተ ሲሚንቶ ይጓጉላል፤ በጣት ሲፈጩት የማይበተን ጓል ካለው ለምሰሶ አይሆንም። ምእመኑን አመስግናችሁ ቃሉን በጽሑፍ ያዙና በኅዳር ይምጣ። ሲመጣም በእንጨት ርብራብ ላይ ከወለል 15፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደራረብ ይቀመጥ። በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ቢገባ 200ው ከረጢት ወደ 28 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው፤ ትልቅ ስጦታ ነውና አይበላሽ። አሁን ማስመጣት የሚሻለው ድንጋይ ነው፤ ዝናብ አያበላሸውም፣ የድንጋይ ካባው መንገድም ገና አልጨቀየም።

ሥዕሉን በሚመለከት፣ ከጎንደር ዘመን ሥዕሎች ብዙዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ስለዚህ ጫፉ ሲላቀቅ ሰው እጁን ይሰዳል። ማንም እንዳይስበው፣ በእርጥብ ጨርቅም እንዳይጠርገው። መሐንዲሱ ደኅና በሚለው መንገድ ክዳኑን ከላይ በሸራ አስሸፍኑ፤ ሸራው ሥዕሉን እንዳይነካ፣ ታፍኖ ይሻግታል። ሥዕሉን ከነስንጥቁ ፎቶ አንሡና ለሀገረ ስብከቱም ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤትም በደብዳቤ አስታውቁ። እነሱ ሳያዩት ግድግዳው አይነካ።

ድንጋዩ ሲራገፍ የታቦቱን መንገድ እንዳይዘጋ ቄሰ ገበዙ እዚያው ይገኙ። ለንግሥ ታቦቱ ሦስት ጊዜ የሚዞርበት መንገድ ከዳሱ ውጭ ዙሪያውን ቢያንስ 4 ሜትር ክፍት መሆን አለበት። የዳሱ ጫፍም ከ2 ሜትር ተኩል እንዳያንስ፤ ታቦቱን አክብረው ሲወጡና ሲገቡ በሥሩ ከሚያልፉት ካህን በላይ የተዘረጋ ጥላ አለና።