በፋየርዎል ኮምፒውተር ላይ ሦስተኛ የኔትወርክ ካርድ ስለመጨመር

ጠያቂያችን፣ ፒኤፍሴንስ (ኮምፒውተርን ፋየርዎል፣ ማለትም የኔትወርክ በር ጠባቂ የሚያደርግ ሲስተም) በተጫነበትና ሁለት የኔትወርክ ካርድ ባለው ኮምፒውተር ላይ ለእንግዶች ዋይፋይ የሚሆን ሦስተኛ ካርድ እንደሰኩና ኮምፒውተሩን ሲያስነሡ ኢንተርኔቱ ጭራሽ እንደተቋረጠ ጽፈዋል። ካርዱ የተበላሸ አይመስለኝም። ይህን ሥራ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ስሠራ በብዛት ያጋጠመኝ ምክንያት የስም መቀያየር ነው።

ፒኤፍሴንስ የተሠራበት ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለካርዶች ስም የሚሰጠው በድራይቨራቸው (ካርዱን በሚያሠራው ሶፍትዌር) ስምና በተገኙበት ቅደም ተከተል ነው። ነባሮቹ የኢንቴል ካርዶች «ኢኤም0» እና «ኢኤም1» ተብለው፣ የመጀመሪያው ከሞደሙ፣ ሁለተኛው ከውስጡ ስዊች ጋር ተገናኝተው ከቆዩ፣ በዚያው ድራይቨር የሚሠራ አዲስ ካርድ ቀድሞ በሚነበብ ስሎት ላይ ሲገባ «ኢኤም0» የሚለውን ስም እሱ ይወስድና ነባሮቹ በአንድ አንድ ቁጥር ይገፋሉ። ሴቲንጉ የሚያውቀው ስሙን እንጂ ካርዱን ስላልሆነ፣ የውጭው መስመር ገመድ ወዳልተሰካበት አዲስ ካርድ ይዛወራል፣ የውስጡ መስመርም ከሞደሙ ጋር በተያያዘው ካርድ ላይ ያርፋል። የተመደበ ስም ቢጠፋ ኖሮ ሲስተሙ ሲነሣ ቆሞ ይጠይቅዎት ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም ስሞች ስላሉ አንዳች ሳይናገር ይነሣል። ሰው ካርዱን የሚጠረጥረውም ለዚህ ነው። (በሊነክስ የሚሠሩ አባላትም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ «ኢኤንፒ3ኤስ0»ን የመሰለ ስም ካርዱ ያለበትን የባስ (የማሽኑ የውስጥ መስመር) ቁጥር ስለሚይዝ፣ አዲስ ካርድ ሲገባ የነባሩ ስም ሊለወጥ ይችላል።)

መፍትሔው ካርዶቹን በማክ አድራሻቸው፣ ማለትም በየካርዱ በተለየ መለያ ቁጥር መለየት ነው። ኪቦርድና ስክሪን አገናኝተው ከኮንሶሉ ዝርዝር 1 ቁጥርን፣ ማለትም የኢንተርፌስ (የኔትወርክ መገናኛ) ምደባን ይምረጡ። ስለ ቪላን (አንዱን ገመድ ለብዙ ኔትወርኮች ስለመከፋፈል) ሲጠይቅዎት፣ የማይጠቀሙ ከሆነ አይደለም ብለው ይለፉት። እዚያው እያንዳንዱ ስም ከማክ አድራሻውና ገመድ ካለውና ከሌለው ምልክት ጋር ይታያል። የነባሮቹን ማክ አድራሻ አስቀድመው ካልመዘገቡ ገመዶቹን ሁሉ ነቅለው አንድ በአንድ እየሰኩ የትኛው ስም እንደሚነቃ ይመልከቱ። ምደባውን ሲጨርሱ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ወረቀት ቢለጥፉ ለሚቀጥለው ሰው ውለታ ይሆናል።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ሦስተኛውን ካርድ በፋየርዎሉ የአስተዳደር ገጽ በኩል ይመድቡትና ያንቁት። የውስጡ ኔትወርክ 192.168.1.0/24 ከሆነ ለእንግዶቹ 192.168.2.1/24ን የመሰለ የማይደራረብ አድራሻ ይስጡት፤ ለመሣሪያዎች አይፒ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒንም ለብቻው ያብሩለት። ጌትዌይ (ወደ ውጭ መውጫ) የሚለውን ቦታ ግን ባዶውን ይተዉት፤ እዚያ አድራሻ ከሞሉ ሲስተሙ ካርዱን እንደ ውጭ መስመር ይቆጥረዋል።

ብዙዎች ከዚህ በኋላ «አይፒ ያገኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለውም» ብለው ይጠይቃሉ። አዲስ ኢንተርፌስ ደንብ እስኪጻፍለት ድረስ ዝግ ነው፤ የውስጡ ኔትወርክ ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ መምጣቱ ያዘናጋል። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፣ መጀመሪያ የገጠመውም ይሠራል። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ ለሚቀይረው ዲኤንኤስ ወደ ፋየርዎሉ 53 ቁጥር ፖርት ፈቃድ ይስጡ፤ ቀጥሎ ወደ ውስጡ ኔትወርክና ወደ ፋየርዎሉ ራሱ የሚሄደውን ይከልክሉ፤ የቀረውን ሁሉ የሚፈቅደው ደንብ ከታች ይሁን። ይህ ፈቃድ ከክልከላው በላይ ከተቀመጠ እንግዳው የቢሮዎን ፋይሎች ከማየት የሚያግደው ነገር አይኖርም። የውጭ ናቱ (የውስጥ አድራሻዎችን ወደ ውጭው አድራሻ የሚቀይረው) በእጅ የሚሠራ ከሆነ አዲሱን ሰብኔት (የእንግዶቹን የአድራሻ ክልል) ራስዎ ሊጨምሩበት ይገባል፤ በራስ ሰር ከሆነ ግን ምንም አያስፈልገውም።

በመጨረሻም ከእንግዶቹ ዋይፋይ ላይ ሆነው የፋየርዎሉን አስተዳደር ገጽ ለመክፈት ይሞክሩ፤ እምቢ ማለት አለበት። ከዚያ ማሽኑን አንድ ጊዜ አስነሥተው ስሞቹ እንደጸኑ ካዩ በኋላ የአዲሱን ሴቲንግ ባክአፕ ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡ፤ የድሮውን ባክአፕ ከመለሱ የቀድሞው የስም ምደባ አብሮ ይመለሳል።