የሎሚ፣ የፍሪጅና የድስት ጥያቄዎች

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላንና ከአቃቂ ዙሪያ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ የተደጋገሙት ወደ አንድ ተጠቃለዋል።

ጥያቄ፦ ማታ የተሠራ ወጥ ድስቱ ውስጥ አድሮ ጠዋት ቢሞቅ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ዘር ፍላቱን ችሎ ያልፍና ወጡ ለብ ሲል ነቅቶ ይራባል። ሩዝና ፓስታ ላይ ደግሞ ባሲለስ ሴረስ የሚባለው የሚተወው፣ የሚያስታውክ መርዝ አለ፤ እሱ መልሰው ቢያፈሉትም አይጠፋም። ስለዚህ ከእሳት በወረደ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ድስቱን እንዳለ መክተት ግን አያዋጣም፤ መሃሉ ለሰዓታት ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ሰፋ ባለ ዕቃ፣ ከ5 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ ገልብጡት። ከቸኮላችሁ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጣችሁ አማስሉት። በ3 ወይም በ4 ቀን ይለቅ። ሲሞቅ ዳር ዳሩ ሳይሆን መሃሉ እስኪንተከተክ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ ከሌለስ?

መልስ፦ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ። ሽሮ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ስንት ሰዓት ይቆያል?

መልስ፦ በሩ ካልተከፈተ 4 ሰዓት። የሞላ ፍሪዘር 48፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ይይዛል። ቤት ሳትኖሩ መጥፋቱን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ ስኒ ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ካደረጋችሁ በኋላ ሳንቲም ጣል አድርጉበት። ስትመለሱ ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኛችሁት ሁሉም ነገር ቀልጦ እንደገና ረግቷል፤ ሥጋውን አትመኑት። ማሽተት እዚህ አይረዳም፤ የሚያሳምመው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ሽታ የለውም።

ጥያቄ፦ ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጥባለሁ። ጀርሙን ይገድለዋል?

መልስ፦ አይገድለውም፤ ሽታውንና ደሙን ነው የሚያነሣው። ዶሮ ላይ የሚገኘውን ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ የሚገድለው ቁሌቱ ውስጥ የሚበስልበት እሳት ነው። ችግሩ ያለው ፍንጣቂው ላይ ነው። ቧንቧ ሥር ሲታጠብ ውሃው ተፈናጥሮ ሰላጣውና እንጀራው ላይ ያርፋል። የግድ ከታጠበ ሳፋ ውስጥ፣ በቀስታ፣ ሌላው ምግብ ከአካባቢው ከተነሣ በኋላ ይሁን። ከዚያ ሳፋውን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጣችሁ እጠቡ። ሳሙናው ይቅደም፤ በረኪና ቅባት ላይ አቅም የለውም።

ጥያቄ፦ በወንዝ ዳር የተመረተ ሰላጣ ኮምጣጤ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ይበላል?

መልስ፦ የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው። ኮምጣጤ ባክቴሪያውን ይቀንሳል፤ የወስፋትን እንቁላልና አሜባን ግን ይገድላል ተብሎ አይታመንም። ጎመን ገዝታችሁ አብስሉ፤ ጥሬ ካማራችሁ ካሮት ልጣችሁ ብሉ። ማጠቢያ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። አዲስ አበባ ዙሪያ ከፍታው ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ክትፎ ለብለብ ከሆነ ኮሶ አያሲዝም አይደል?

መልስ፦ ያሲዛል። ሚጥሚጣና ኮረሪማም አያድኑም። የቄራ ማኅተም ይረዳል፤ ጥቂት የኮሶ እጭ ግን ከመርማሪው ዓይን ሊያመልጥ ይችላል። ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ከቀዘቀዘ እጩ ይሞታል። ባክቴሪያው ግን አይሞትም፤ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለአረጋዊ ብስሉን አቅርቡ።